ሦስት መስከረም

ስብሰባው የተጠራው ለግዢ ነበር። ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪዎች ነን። ብሬከር፣ ሶኬት፣ ገመድ፣ አምፖል። ከቻይና ያዘዝነው ዕቃ ጅቡቲ ደርሶ መጋዘናችን እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምናዝዘው ለዛሬ ገበያ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ተሳስቶ ማዘዝ በጣም ያስከፍላል።

ሥራ አስኪያጁ ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከመከፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «መስከረም ላይ ስንት ሸጥን?»

የሽያጭ ኃላፊው ላፕቶፑን ከፍቶ «ዓመቱን ሙሉ እንደ መስከረም የሞተ ወር የለም» አለ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ከሂሳብ ሶፍትዌራችን ከፒችትሪ ያወጣችውን ወረቀት ገለጠች። (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት ቢያልፉም እዚህ ሁሉም ሰው ፒችትሪ ነው የሚለው።) እሷ ጋ መስከረም ከምርጥ ወሮች አንዱ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ የቢን ካርዳቸውን (የመጋዘኑ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ድምር ይዘው መጥተዋል። የሳቸው ከሁለቱም ይበልጣል።

ሽያጭና ፋይናንስ ተያያዙ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «እኔ ያወጣሁትን ነው የጻፍኩት። ዕቃው እኔ ጋ የለም። ካልሸጣችሁት የት ገባ?» አሉ። ነገሩ ከቁጥር ወጥቶ ሌብነት ወደሚባለው ወሬ ሊገባ ትንሽ ነበር የቀረው።

በዚያ ሰሞን የተቀጠረች አንዲት የዳታ ባለሙያ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ይቅርታ፣ መስከረም ስትሉ ከስንት እስከ ስንት ነው?» አለች። የሽያጭ ኃላፊው ሳቀ። «መስከረም መስከረም ነዋ!»

ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ፒችትሪ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፋይናንስ «መስከረም» የምትለው ሴፕቴምበርን ነው። ሴፕቴምበር 1 ግን ነሐሴ 26 ላይ ይውላል። ስለዚህ የነሐሴ መጨረሻ፣ ጳጉሜንና የእንቁጣጣሽ ገበያ በሙሉ እሷ ጋ ገብቷል። ለበዓል ቤቱን ቀለም ቀብቶ አምፖልና ሶኬት የሚቀይረው ሰው ሁሉ ማለት ነው። የሽያጩ መስከረም የሚጀምረው ከመስከረም 1 ነው። ያኔ የበዓሉ ገበያ አልፏል፤ የሰው ኪስም ትምህርት ቤት ከፍሎ ባዶ ሆኗል። ሁለቱም አልዋሹም።

ጳጉሜንስ? የሽያጭ ኤክሴል ለየወሩ አንድ ሺት አለው፤ ጳጉሜንም የራሷ ነበራት። የዓመቱን ድምር የሚሠራው ፎርሙላ ግን የሚደምረው አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው። ከዓመቱ ሞቅ ካሉት ቀኖች አምስቱ ተመዝግበው የትም አይደመሩም።

የጋሼ ቁጥር ሌላ ጉድ ነበረው። ካዛንቺስ የነበረው ሱቃችን በዚያው ሰሞን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነስቷል። ዕቃው ወደ መጋዘን ተመልሶ እንደገና ስታዲየም አካባቢ ወደተከፈተው ሱቅ ወጣ። ቢን ካርዱ ላይ ያው «ወጪ» ነው። ልጅቷ መጋዘን ወርዳ ካርዶቹን ስታገላብጥ ጋሼ አንዳንዱን መስመር በቀይ፣ አንዳንዱን በሰማያዊ እስክርቢቶ እንደሚጽፉ አየች። ቀዩ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄድ ትራንስፈር ነው፤ ሰማያዊው ሽያጭ። ኮምፒውተር ላይ ሲመታ ቀለሙ ይቀራል። ለምን እስካሁን እንዳልተናገሩ ስትጠይቃቸው «ማን ጠይቆኝ ያውቃል ልጄ?» አሏት።

ዳታ ፕላትፎርም የምንለውን ነገር የሠራችው ከዚህ በኋላ ነው። ማታ ማታ ከፒችትሪ፣ ከየሱቁ ኤክሴል፣ ከቴሌብር መግለጫና ከመጋዘን የሚመጣው ሁሉ አንድ ቦታ ይገለበጣል። እንደመጣ፣ ከነስህተቱ ይቀመጣል፤ እሱን ማንም አይነካም። ማስተካከያው የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ጭቅጭቅ ሲነሳ ቁጥሩን ተጭኖ እስከ ደረሰኙ ድረስ መውረድ ይቻላል። አንድ የቀን ሰንጠረዥም አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀን የእኛንም የፈረንጁንም አቆጣጠር፣ በዓል ከሆነም በዓሉን ይዟል። ከአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ስትሆን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውልም እዚያው ገብቷል። ለመጋዘኑ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ የጋሼ ቀይ እስክርቢቶ ማለት ነው። የካዛንቺስና የስታዲየም ሱቆችም በአንድ ታሪክ ተያያዙ። አለዚያ ሪፖርቱ አንዱን ሞቷል፣ ሌላውን ከዜሮ ተነስቶ ተመነደገ ይለን ነበር።

እኔን በጣም የገረመኝ የደንበኞቹ ጉዳይ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አሃዝ ነው። በዜሮዎች የሚጀምር ከሆነ ግን ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ዜሮዎቹን ይውጣቸዋል። በሦስት ዜሮ የሚጀምረው ሰባት አሃዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚያ ላይ አንዱ ካሸር «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሀይ» ይለዋል። አንድ ሥራ ተቋራጭ በዚህ ምክንያት አራት የተለያየ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። አራቱም መካከለኛ ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ከትልልቆቹ ደንበኞቻችን አንዱ። ለትልልቅ ደንበኛ የምንሰጠውን ቅናሽ አንድም ጊዜ አላገኘም። አሁን መለያ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ካልሞላ ሥርዓቱ መዝገቡን ለብቻው ያስቀምጥና ጠዋት ለሚመለከተው ሰው ይነግራል።

ወጪው ብዙ አልነበረም። መጀመሪያ የውጭ የክላውድ አገልግሎቶችን አይተን ነበር። ስኖውፍሌክ ስሌቱ በሠራበት ጊዜ ልክ፣ ቢግኩዌሪ ባነበበው የዳታ መጠን ያስከፍላል፤ ሁለቱም በዶላር። ግዙፍ ዳታ ላለው ድርጅት ያዋጣሉ። የእኛ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ደህና ኮምፒውተር አይሞላም። ስለዚህ ፖስትግሬስ ላይ ተቀመጠ። ሥራው በ1986 እ.ኤ.አ. በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ዛሬም በነጻ የሚገኝ ዳታቤዝ ነው። ለማሳያ ደግሞ ቁጥሩን በሰንጠረዥና በግራፍ የሚያሳየውን ሜታቤዝን ጫነች። በነገራችን ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ የደንበኛን ስልክ የሚያየው ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው።

ግዢውስ? ሥራ አስኪያጁ ትዕዛዙን ለሁለት ከፈሉት። የአምፖልና የሶኬቱ ጭነት ነሐሴ አጋማሽ ሳይደርስ መጋዘን እንዲገባ ተወሰነ፤ ድሮ መስከረም «ጥሩ ወር» ነው ተብሎ መስከረም ውስጥ ነበር የሚገባው። ብሬከሩ በዓል ስለማያውቅ ዓመቱን ሙሉ እኩል ተከፋፈለ። የሽያጭ ኃላፊው የጳጉሜንን ሺት ፕሪንት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ለጥፏል፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን የቀረን የመርካቶው ሱቅ ነው። የዕለቱ ዜድ ሪፖርት (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሚያወጣው የቀኑ ድምር) እስካሁን በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላካል፤ ቢሮ ያለ ሰው እያየ ይመታዋል። 3 ይሁን 8 የማይለይባቸው ደብዛዛ ፎቶዎች አሉ። ልጅቷ ይህ አሠራር ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲቀር ጠይቃለች። ካሸሯ ደግሞ «መጀመሪያ የማይቋረጥ ኢንተርኔት አምጡልኝ» አለች። እውነቷን ነው።