እንቁራሪቶቼና የሰፈር ልጆች

ዛሬ የባሕር ዳር ሙቀት አይጣል ነበር። ቤት እንደገባሁ የዛፍ እንቁራሪቶቼን ሳጥን በውሃ ረጠብ አደረግኩላቸው። ወዲያው ነቃ ነቃ አሉ።

እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ነው የምትመጠው። ለዚህ ነው የቧንቧ ውሃ በቀጥታ የማልሰጣቸው። ክሎሪኑ ይጎዳቸዋል። ባልዲ ውስጥ ሳልከድን አንድ ሙሉ ቀን አቆየዋለሁ።

የጎረቤት ልጆች መጥተው "እንንካት?" አሉኝ። ሳሙና ወይ ቅባት የነካው እጅ ለቆዳዋ አይሆንም። ይልቅ ስትበላ አሳየኋቸው። ፌንጣውን በምላሷ ላፍ አደረገችው፤ ከዚያ ሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አሉ። ልጆቹ "ምን ሆነች?" ብለው ደነገጡ። ምንም አልሆነችም፤ ዓይኖቿ ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ እየገፉላት ነው። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል!

ትልቁ ልጅ "ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ያሉትንም ልያዝልሽ?" አለኝ። እነሱን ተዋቸው አልኩት። ቤታቸው እዚያው ነው፤ በሽታም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። ይልቅ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድምፃቸውን እንሰማለን። ጉማሬ ስለሚወጣ ከመንገዱ አንርቅም። ባትሪ ያላችሁ ወላጆች ብትመጡልን ደስ ይለኛል።