«ምከረኝ» ላለ ሰው ምክር አለመስጠት፦ የህልውና አቀራረብን ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደምሠራበት

የሥራችን ስም ራሱ ያስቸግራል። «የምክር አገልግሎት» የሚል ታፔላ አይቶ የገባ ሰው የሚጠብቀው ምክር ነው። ሽማግሌ እንደሚመክረው፣ የነፍስ አባቱ እንደሚመክሩት፣ እኔም ሰምቼው ሳበቃ «እንዲህ አድርግ» እንድለው ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ስሙ ኤግዚስቴንሻል ቴራፒ የምንለው፣ ሰው ከሞት፣ ከነፃነት፣ ከብቸኝነትና ከትርጉም ጥያቄ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያየው የህልውና አቀራረብ ደግሞ በምክር የሚሰስት ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከደብረ ሲና ከመጣ ሰው ጋር ስቀመጥ ከፍልስፍናው በፊት የሚያጋጥመኝ ይኸው የተጠበቀና ያልተሰጠ ምክር ነው። ዘዴውን የምጽፈው ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ባልደረቦች ነው።

መጀመሪያ ልየታ። ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድባቴ መለኪያ መጠይቅ አስሞላለሁ፤ ማንበብ ለማይችል እኔው አነብለታለሁ። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩም እስከ 27 ይደርሳል። ከ10 ጀምሮ ድባቴውን በጥንቃቄ እከታተለዋለሁ፤ 20 ከደረሰ ብቻዬን አልይዘውም፣ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እልካለሁ። 9ኛው ጥያቄ የመሞትና ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይመለከታል። እሱ ላይ ከ0 ሌላ መልስ ካየሁ ድምሩን ትቼ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት ብለህ? መቼ?» መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በመጠየቁ ትንፋሽ ያገኛል። «ሞት በወሰደኝ» የተለመደ አባባል ነው ብሎ ማለፍም ስህተት ነው። ሐሳቡ ካለ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንዲጠራ ፈቃዱን እጠይቅና ቤት ውስጥ የተቀመጠ የሰብል መድኃኒት በዚያው ቀን ከቤት እንዲወጣ እንነጋገራለን። ወደ ሆስፒታልም ሰው አብሮት ይሄዳል።

ለዚህ አቀራረብ ጊዜያቸው ያልሆነ ሰዎች አሉ። ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት ሳይተኛ ሐሳቡ የሚሮጥበት፣ ከማለዳ ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያየዋል። ከቀዬዋ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ ያለች እናትን የልጆቿ ራት ሳይገኝ ስለ ሕይወት ትርጉም መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ ያን ቀን ሥራዬ እህል የሚሰጥበትን ቦታና የመመዝገቢያውን መንገድ መንገር ነው። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚጠመቅ ሰው ከመጣ ጠበሉን አልነካም። አንድ ነገር ብቻ እንስማማለን፤ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት እዚያም ሆኖ እንዳይቋረጥ።

ከዚያ ውል። በመማሪያ መጻሕፍት ያለው ልማድ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 50 ደቂቃ ነው። ለከተማ ሰው ይሠራል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ግን ትራንስፖርቱም የሥራ ቀኑም ይከብደዋል፤ ስለዚህ በየ2 ሳምንቱ ለገበያ በሚመጣበት ቀን 80 ደቂቃ እቀጥረዋለሁ። የክፍለ ጊዜዎቹን ቁጥር 8 አድርጌ ከመጀመሪያው እናገራለሁ። (የአእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ብራይትባርት በጽኑ ካንሰር ለታመሙ ሰዎች ያዘጋጀው ትርጉም ላይ ያተኮረ ሕክምና በግል ሲሰጥ 7፣ በቡድን ሲሰጥ 8 ክፍለ ጊዜ ነው፤ 8 ከአየር የመጣ ቁጥር አይደለም።) በየክፍለ ጊዜው መግቢያ ስንት እንደቀረን እናስታውሳለን። መጨረሻ እንዳለው እያወቁ መነጋገር ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። ቁጥሩን ካልተናገሩ ሰውየው ዋናውን ነገር ለመውጫው በር ያቆየዋል።

«ምከረኝ» ሲባል ዝም ማለት አይሠራም። ዝም ያልከው ሰው ጎረቤቱን «ቁጭ ብሎ ያየኛል እንጂ ምንም አይልም» ይለዋል፤ ሁለተኛም አይመጣም። መረጃና ምርጫን ለይቼ መያዝን ልማድ አድርጌያለሁ። መረጃ ከሆነ ሳልሰስት እሰጣለሁ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አገልግሎት ቦታ። ምርጫ ከሆነ፣ ልፍታ ወይስ ልታገሥ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ እንዲህ እላለሁ፦ «የሚመክርህ ሰው አላጣህም። እዚህ የምናደርገው ሌላ ነው፤ የተመከርከው ሁሉ እያለ ለምን እንደከበደህ አብረን እናያለን።» በዕድሜ ለገፉት ያው ነገር በአክብሮት ይነገራል፤ «እማማ፣ ምክሩንማ እርስዎ ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ የምፈልገው ልብዎ ውስጥ ያለውን መስማት ነው» ስል ነገሩ ይገባቸዋል። «አንተ» ወይም «አንቺ» የምለው ለወጣት ብቻ ነው። አክብሮቱ ከጎደለ ሌላው ዘዴ ሁሉ ገደል ገባ።

ከሌሎቹ ንድፈ ሐሳቦች ጋር አልጣላም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 የዘረዘራቸው ሁኔታዎች፣ በተለይ በሰውየው ቦታ ሆኖ መረዳት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና አለማስመሰል፣ ለማንኛውም ሥራ ወለል ናቸው። እንቅልፍ ያጣና ሌሊቱን በአንድ ሐሳብ የሚዞር ሰው ሲመጣ የአሮን ቤክን የአስተሳሰብ ሕክምና መሣሪያዎች አስቀድማለሁ። የህልውና አቀራረብ ዋና ጸሐፊ የሆነው ኧርቪን ያሎምም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ያስቀመጣቸውን አራት ጉዳዮች፣ ሞትን፣ ነፃነትን፣ ብቸኝነትንና ትርጉም ማጣትን፣ ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር አብሮ የሚሄድ የማየት መንገድ አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው። እነዚህን አራት ስሞች ለሰውየው አልናገርም፤ ለእኔ ጆሮ ናቸው። «ህልውና» የሚለውን ቃል ክፍሉ ውስጥ ካወጣሁ ውይይቱ ትምህርት ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቀን በአብዛኛው አዳምጣለሁ፤ ሰውየው የተናገራቸውን ከ8 እስከ 10 ዓረፍተ ነገሮች በራሱ ቃል፣ ሳላቀና እጽፋለሁ። ይህ ወረቀት ኋላ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ መቆም ያለብን ቦታ ነው። «ጨነቀኝ»፣ «ከበደኝ»፣ «መረረኝ»፣ «ሰለቸኝ» ስንል በሰዋስው ስሜቱ አድራጊ፣ ሰውየው ተደራጊ ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መማሪያዎች የሚወሰድ አንድ ልምምድ አለ፤ «አልችልም» ያለውን ሰው «አልፈልግም» ብለህ ድገመው ማለት። አማርኛ ላይ ይህ ስድብ ነው፣ በተለይ ለአባወራ። «ጨነቀኝ»ንም ማረም አያስፈልግም፤ ሰው የሚሰማውን የሚናገርበት ትክክለኛ ቃሉ ነው። የማደርገው ሌላ ነው፦ በንግግሩ መካከል ሰውየው ራሱ አድራጊ ሆኖ የሚወጣበትን ግስ እጠብቃለሁ። ከዚህ በታች ያለው የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ተመርቆ ሥራ ካጣ ወጣት ጋር ደጋግሞ የሚመጣ የንግግር መልክ ነው።

— ሥራ የለም። ሁሉ ነገር አስጠላኝ። ምን ላድርግ?
— ዛሬ ከነቃህ ጀምሮ ምን ሆነ?
— ምንም። ከቤት ስልክ ተደወለ፤ አላነሳሁም።
— አላነሳሁም።
— ምን እላቸዋለሁ ብዬ ነዋ።
— ባታነሳው ምን ይተርፋል?
— እናቴ አትሰማም። አታዝንም።

ከ«አስጠላኝ» ወደ «አላነሳሁም» ሲያልፍ አድራጊው ተለወጠ። ምንም አላደረግሁም ያለው ልጅ እናቱን ከሐዘን ለመጠበቅ መርጧል። የደገምኩት ያን አንድ ግስ ብቻ ነው። ድምፅ ከፍ ካለ ወይም በጥያቄ ዜማ ከተደገመ ተግሣጽ ይሆናል፤ ዝግ ብሎ፣ እሱ በተናገረበት ዜማ መሆን አለበት።

ነፃነትን በተመለከተ ትልቁ አደጋ ሰውን ባላመጣው ነገር መክሰስ ነው። ሥራ ማጣትን፣ ጦርነትን፣ ድህነትን ማንም አልመረጠም። ስለዚህ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በስተቀኝ «ያልመረጥኩት»፣ በስተግራ «የመረጥኩት» እላለሁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ያልተመረጠው ዐምድ 15 ደቂቃ ያህል ተወስዶ እስኪሞላ ድረስ ወደ ሁለተኛው አልሄድም። ገልብጠው የሠሩት እንደሆነ ሰውየው «ጥፋቱ ያንተ ነው» የተባለ ያህል ይሰማዋል። ሁለተኛው ዐምድ ላይ 2 ወይም 3 ነገር ከሰፈረ በቂ ነው፤ ያልተነሳ ስልክም ይገባበታል።

ሞት ላይ ብዙ ባለሙያ ይሳሳታል። የታወቀው ልምምድ መስመር አስምሮ አንዱን ጫፍ ልደት፣ ሌላውን ሞት ማለትና «አሁን የት ነህ?» ብሎ ማስጠቆም ነው። እኛ አገር የገዛ ሞትን ቀን ማስቀመጥ ሟርት ነው፤ ሰውየው ምልክቱን ከማድረግ አለመምጣትን ይመርጣል። መስመሩን ከልደት እስከ ዛሬ ብቻ አስምሬ የቀረውን ነጭ ወረቀት ባዶ እተወዋለሁ፤ ጫፍ አላደርግለትም። ከዚያ እጄን ባዶው ላይ አሳርፌ «ይህ ሲታይህ ምን ይመስልሃል?» እላለሁ። የሚሆነው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ቀበረው ሰው ይናገራል። በእኛ ዘንድ የሞት በር እሱ ነው። የአርባው ዕለት የሆነው፣ ሙሾ አውራጇ ያለችው፣ ለሟች ሳይነገር የቀረው ይመጣል። ወደ ራሱ እንዲመለስ አልገፋም፤ «ለእሱ ሳልነግረው ቀረሁ» ካለ፣ «ዛሬ ያልተነገረው ሌላ ሰው አለ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትበቃለች።

ሌላው የህልውና አቀራረብ ጸሐፊ ሮሎ ሜይ ጤናማ የሚለውን ጭንቀት በሽታ ከሆነው ለይቷል። ጤናማው ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል፣ ወደ ውስጥ መቅበርን አይጠይቅም፣ ለመነሳትም ያገለግላል። አማርኛ ሁለቱንም «ጭንቀት» ስለሚል መለየቱ የእኛ ሥራ ነው። እናቱ የታመመችበት ልጅ ጭንቀት እንዲጠፋለት አልሠራም።

ብቸኝነት ቀላል መስሎ ያታልላል። እድር፣ ማኅበር፣ ሦስት ጊዜ ቡና ባለበት ሰፈር ብቸኛ ነኝ ያለን ሰው «ከሰው ቀላቀል በል» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ከሰው መራቅ አለ፣ ከገዛ ስሜት መራቅ አለ፣ ማንም ቢወድህ በአንተ ፈንታ ሊኖርልህ የማይችለው ብቸኝነትም አለ። ሦስተኛው በቡና አይለቅም፤ ከመድኃኒቱ የሚቀርበው አንድ ሰው ሳይሸሽ አብሮት ሲቀመጥ ነው። ጸጥታ ሲወርድ እስከ 40 ሰከንድ እቆያለሁ። ረጅም ነው፤ «አይዞህ» ምላስ ጫፍ ላይ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ቶሎ የመጣ «አይዞህ» ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው ተናጋሪውን ነው፤ ሰሚው ያልጨረሰውን ይውጠዋል። ከለቅሶ በኋላ የመጣ ግን ቦታው ነው፤ አልከለክለውም።

ትርጉምን በተመለከተ የአእምሮ ሐኪሙ ቪክቶር ፍራንክል ጥያቄውን ገልብጦታል፤ ከሕይወት ምን እጠብቃለሁ ሳይሆን ሕይወት ከእኔ ምን ትጠብቃለች። ይህ ለሰሜን ሸዋ አማኝ እንግዳ አይደለም። «የእግዜር ፈቃድ ነው» የሚሉ አባት ሲያጋጥሙኝ አልከራከርም፣ አልሰብክምም፤ «ፈቃዱ ከሆነ፣ አባባ፣ ዛሬ ከእርስዎ የሚጠበቀው የቱ ነው?» እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የልጅ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የተጀመረ ባና ሠርቶ መጨረስ። ፍራንክል ከጠቀሳቸው ሦስት መንገዶች፣ ከሥራ፣ ከፍቅርና ከመከራ ፊት ከሚያዝ አቋም፣ ሦስተኛውን ቀድሞ ማንሳት አይገባም። ሊለወጥ የሚችል መከራ መጀመሪያ መለወጥ አለበት፤ ባል የሚደበድባትን ሴት ስለ አቋም ማናገር ጉዳት ነው።

8ኛው ቀን ፒኤችኪው-9 እንደገና ይሞላል። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን በራሱ ቃል የጻፍኩትን ወረቀት አውጥቼ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ «ዛሬም ልክ የሆነው የቱ ነው?» እላለሁ። የማይስማማውን ዓረፍተ ነገር ራሱ በብዕር ይሰርዛል፣ ከፈለገ ከጎኑ ሌላ ይጽፋል። ሁሉንም ሳይሰርዝ የሚተውም አለ፤ ይህን እንደ ውድቀት አልቆጥረውም፣ ነጥቡ ካልወረደ ግን ወደ ሐኪም መላክን አነሳለታለሁ። ነጥቡ መዝገቡ ላይ ይቀራል። ወረቀቱን አጥፎ ይዞት ይሄዳል።