በግራ ጉንጩ

ፎቶውን እስካሁን ካላያችሁት የቢሮዬም፣ የሰፈሬም፣ የዘመዴም ወገን አይደላችሁም ማለት ነው። ከሌላ ከምትሰሙት ከኔ ስሙት። ፎቶው ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የደጋ አጋዘን ነው። ሁለተኛው የኔ መቀመጫ ነው። ሁለቱም ጥርት ብለው ወጥተዋል።

ከቢሮ ስድስት ሆነን ነው ባሌ የሄድነው። ሌሎቹ ለመዝናናት ሄዱ። እኔ ለሥራ ሄድኩ። ማንም ሥራ አልሰጠኝም፤ ግን እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ። የእህቴን ባል ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ ተውሼ ነበር። ሲያውሰኝ ልጁን የሚድር አባት ነው የሚመስለው፤ እስከ በር ድረስ እየተከተለ አደራ አለኝ። ከሰልባጅ ተራ ካኪ ሰደርያ ገዛሁ። 14 ኪስ አለው። የሌንሱን ክዳን ለማግኘት በየጊዜው ራሴን እንደ ኬላ ጠባቂ እፈትሽ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ወር ሙሉ ተማርኩ። ነፋሱ ወዳንተ ይምጣ፣ ዝቅ በል፣ አትቸኩል፣ ኮቴህ አይሰማ። «አልፎ አልፎ ወደ ኋላህም ዙር» ያለኝ ግን አንድም አስተማሪ የለም።

ከጓደኞቼ አንዱ በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። በካልሲና በነጠላ ጫማ። ባሌ ተራራ! ይሄን ያዙልኝ።

እንግዲህ የደጋ አጋዘን ማለት ያ 10 ሳንቲም ላይ ያለው ነው። ኒያላ የምንለው። የአገሬው ሰው ገደምሳ ይለዋል። ከኛ አገር ውጪ በዱር የትም አይገኝም። ከመሄዴ በፊት ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። የፈረንጅ ሳይንስ መዝግቦ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። አስቡት እስቲ። ክብደቱ 200 ኪሎ የሚያልፍ፣ ቀንዱ ከሜትር በላይ የሚሄድ ፍጡር፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ ከፈረንጅ ዓይን ተሰውሮ ኖረ። እንዲህ ያለ ድብቅ እንስሳ በደረት ተስቦ ካልሆነ አይገኝም ብዬ ደመደምኩ።

የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ኮረብታ ላይ የሚኖሩት አጋዘኖች ሰው ለምደዋል። ትንሽ አይደለም፤ በጣም ለምደዋል። በድንኳን መሃል ሰላምታ ሳይሰጡ ነው የሚያልፉት። ይሄን ከኔ በቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ሣሩ ውርጭ ይዟል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሊፍት አልፈልግም፣ በደረጃ ነው የምወጣው እያልኩ የምፎክረው ሰውዬ፣ ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ዳገት እንደያዘ አሮጌ ሚኒባስ ማቃሰት ጀመርኩ። ከፊታችን ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ አሉ፤ ሸምገል ያሉ፣ ዝምተኛ ሰው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮሶና ጥዱ መሃል እንደገባን አየሁት። ቡናማ ገላ። ከላዩ ጠምዘዝ ያለ ቀንድ። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ሁሉም ቆሙ። ስድስት ዓመት አብረውኝ ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳን የሰሙኝ ሰዎች አይደሉም፤ ያን ጠዋት ግን እጄን አንስቼ ሁሉም ቆሙ። ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ያኔ ገባኝ።

ተንበረከኩ። ከዚያ በጉልበትና በክርኔ መሄድ ጀመርኩ። ሳማ ውስጥ ገባሁ። አልጮህኩም። ከንፈሬን ነክሼ ቀጠልኩ። በግራዬ በኩል ሦስት ከርከሮዎች ሣር ይግጣሉ። ከርከሮ ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። እንደ እንግዳ እንኳን አልቆጠሩኝም። ዘግይቶ የደረሰ ዘመድ ነው የመሰልኳቸው።

ሃያ ደቂቃ ዳኽኩ። በየመሃሉ አነሳለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንስሳው ንቅንቅ አይልም። ምን ያለው ጨዋ ነው እያልኩ። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ነው የጨዋነቱ ምክንያት የገባኝ። የወደቀ የኮሶ ግንድ ነው። ቀንዱ ቅርንጫፍ ነው። ማታ ስቆጥር 63 ፎቶ አንስቼዋለሁ። አንዳንዱ፣ እውነቴን ነው፣ ጥሩ ወጥቷል።

ያን ጊዜ ነው የኋላዬ ጸጥታ ያላማረኝ። እስከዚያ ድረስ አክብሮት መስሎኝ ነበር። ዞርኩ።

አጋዘኑ በኔና በጓደኞቼ መሃል ቆሟል። ጉሮሮው ላይ ነጩ ምልክት፣ ከላይ ያ ቀንድ፣ ከነሙሉ ግርማው። ከመቀመጫዬ ቢርቅ ቢርቅ አምስት እርምጃ ነው። ከሱ ኋላ ደግሞ አምስት ስልክ ተደግኗል። ካሜራዬን ብድግ አደረግኩ። ግን ረጅም ሌንስ ለሩቅ እንጂ ለቅርብ አይሆንም። ከዚያ ሁሉ ልፋት ያተረፍኩት አንድ ጆሮና ብዙ ቡናማ ፀጉር ነው። ባለ ነጠላ ጫማው ስልኩን አንዴ ነካ አደረጋት። አለቀ። ብርሃኑ ልክ፣ ቀንዱ ልክ፣ ሱሪዬ ልክ።

ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ማኘኩን ነው።

አጋዘኑ እያመነዠከ ነበር። በግራ ጉንጩ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ጉንጩ ተወጥሯል፣ ዓይኑ በግማሽ ተከድኗል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ምርቃና የያዘው ሰው ታውቁ የለ? ስለ አገር ጉዳይ አንድ ከባድ ነገር ሊናገር ጥቂት የቀረው? ቁርጥ እሱን። በዚያ ሁሉ ሐሳብ መሃል እኔን ያየኛል። አልደነገጠ፣ አልሸሸ፣ ማኘኩን እንኳን አላቋረጠም። ለጉዳይ ሄዳችሁ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ማስቲካውን እያላመጠ ዝም ብሎ ሲያያችሁስ? «ሲስተም የለም» ከማለቱ በፊት ያለችው ያቺ አስተያየት ናት። ሳንቲሙ ላይ ያለው እንዲህ አያደርግም። ሳንቲሙ ላይ ያለው ሥርዓት አለው። ፎቶውን አጉልቼ አይቼዋለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ከከንፈሩ ጥግ አንዲት ሣር ተንጠልጥላለች። ሣሯን ሳይ ባለቤቴ ነቅታ ስልኩን ቀማችኝ። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ በግራ ጉንጩ የሚያኝክ ሰው ካየሁ ወንበር እቀይራለሁ።

ስንመለስ ስካውቱን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ግንዱን የፈለግከው መስሎኝ» አሉ። «ባለፈው የመጣው እንግዳ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሽበት መሳይ ነገር ብቻ ሲያነሳ ነው የዋለው። የሰው ነገር መች ይታወቃል?»

ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት የለም። እሳቸውን ይቅር ብያለሁ። አምስቱን ግን አላልኩም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! አንዱ እንኳን «ኧረ ዙር» ቢለኝ ምን ይጎድልበታል? እነዚህ እኮ ስብሰባ ላይ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ ቢባሉ የሚታመሙ ሰዎች ናቸው።

ፎቶው ማታውኑ የቢሮው ቴሌግራም ላይ ወጣ። በማግስቱ፣ በየት በኩል እንደዞረ እንጃ፣ የቤተሰብ ግሩፕ ገባ። ይሄ ግሩፕ አክስቴ በየቀኑ አበባ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» የምትለጥፍበት፣ ሌላው ሁሉ «አሜን» ብሎ የሚጠፋበት ነው። የማስተርስ ምርቃቴን ፎቶ ስለጥፍ ሦስት ልብ ነው ያገኘሁት። አንዷ ከባለቤቴ ናት። መቀመጫዬ 41 አገኘ። ሁለት ዓመት ከሥራ በኋላ በታክሲ ሰልፍ እየተንገላታሁ የተማርኩት ሦስት፣ ሃያ ደቂቃ የዳኽኩት 41። አክስቴ ራሷ ሦስት የሚስቅ ፊት ላከች። አክስቴ የሚስቅ ፊት መላክ እንደምትችል ማንም አያውቅም ነበር።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሚለው አያጣም። ያ አጋዘን አይባልም አለ። እውነተኛው አጋዘን እሱ ግቢ ማታ ማታ እየመጣ አበባ የሚበላበት ነው፤ የዚያ ቀንዱ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል፤ የናንተው ቀንዱ አይወድቅም፣ ስለዚህ የሌላ ዘር ነው። ልክ ነው፣ አጣራሁ። ግን በሳማ ተለብልቦ ቤት ለተቀመጠ ዘመድ የሚነገር ነገር ነው?

እናቴ ማታ ደወለች።

«አየሁት» አለች።

«አየሽው?»

«ያ እንስሳ ግን ጥርሱን ያመዋል እንዴ? በአንድ ጉንጩ ብቻ እኮ ነው የሚያኝከው።»

ዝም አልኩ።

«አንጀቴን በላው» አለች። «የሚያይለት ሐኪም የለውም?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሳማ ለብልቦኝ እጄን ማጠፍ አልቻልኩም።»

«አንተማ» አለችኝ፣ «ሱሪህን ከፍ አድርገህ ታጠቅ።»