ስሙን ትቼ አዋሳኙን ጠየቅሁ

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የአሜሪካዋ ኔብራስካ። አባቴ የርስት ሙግት እየሰማ ስላደገ፣ አጥንት መቁጠር ከጀመረ እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ አይደናቀፍም። ልጄ የዘር ሐረግ ሠርታ እንድትመጣ ከትምህርት ቤት ስትታዘዝ፣ የእኔ ወገን በአንድ ስልክ ሞላ። የአባቷ ወገን ግን የአማቴ አያት ላይ ሲደርስ ስም ብቻ ሆነ፤ ጆን ጆንሰን። በ1872 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከስዊድን መጥቶ ኔብራስካ፣ ፖልክ ካውንቲ (በእኛ ወረዳ እንደማለት) ውስጥ የመንግሥት መሬት ይዟል። አማቴ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው።

መሬቱን የሰጠው ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ ነው። እስከ 160 ኤከር፣ በእኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል አለፍ የሚል መሬት፣ አምስት ዓመት ለኖረበትና ላረሰው ሰው ይሰጥ ነበር። እኛ ካርታ የምንለው ዓይነት የባለቤትነት ወረቀቱ ዛሬ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ከ1788 ጀምሮ የተሰጡ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰነዶች በምስል ተቀምጠዋል። እንደ ቴክሳስና እንደ ቨርጂኒያ ያሉ መሬታቸውን ራሳቸው ያደሉ ግዛቶች ግን እዚያ የሉም።

በመጀመሪያው ምሽት ጆን ጆንሰን ብዬ ጻፍኩና ፖልክ ካውንቲ ውስጥ አንዱን አገኘሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሳትሜ፣ በፍሬም አድርጌ ለአማቴ ሰጠኋቸው። ከሳምንት በኋላ ቀኑን ልብ ብዬ ሳየው 1875 ይላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያገለገለ ወታደር ወይም መሬቱን በገንዘብ የገዛ ካልሆነ በቀር፣ በ1872 የመጣ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ያንን ወረቀት አያገኝም። የማላውቀውን ሰው ግድግዳቸው ላይ ሰቅያለሁ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ስዊድኖቹ ያን ጊዜ ብዙዎቹ እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። የዩሃን ልጅ ዩሃንሶን ይባላል፤ አሜሪካ ሲደርስ ጆንሰን ሆኖ ይቀራል። ስንት የዩሃን ልጅ እንዳለ አስቡት። ለአባቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት።

«አዋሳኙስ? በላይ በታች ማን ነበር?» አለኝ።

«እሱን አላውቅም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ስም ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ ልጄ? ርስት የሚታወቀው በአዋሳኙ ነው።»

አማቴ የስዊድንኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ። ከመጨረሻው ገጽ ላይ የልጆች ልደት ተጽፏል፤ ከአንዱ ልጅ ስም ጎን ክርስትና ያነሳው ጎረቤት አለ። ስሙ ብርቅ ነው። ድረ ገጹ ላይ ስፈልገው አንድ ሰው ብቻ መጣ።

ከዚያ በኋላ የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ የጎረቤቱን የታውንሺፕና የሬንጅ ቁጥር አስገባሁ። ታውንሺፕ ማለት ስድስት ማይል በስድስት ማይል ሆኖ በ36 ሴክሽን የተከፈለ መሬት ነው፤ አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ይሆናል። ሬንጅ ደግሞ ታውንሺፑ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስንተኛ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ከመንግሥት እጅ መሬት የተቀበሉት ሁሉ በዝርዝር መጡ። ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሩብ ሴክሽን እኩል ለእኩል የተካፈለ ጆን ጆንሰን አለ። ዓመቱ 1880። ድርሻው 80 ኤከር ብቻ መሆኑ ትንሽ አስጠራጥሮኝ ነበር። ለካ ለባቡር ኩባንያዎች መሬት በተሰጠበት አካባቢ እስከ 1879 ድረስ ወታደር ላልነበረ ሰው የሚፈቀደው ያው ነበር። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሴክሽኖች ለባቡሩ ስለተሰጡ፣ ከኩባንያው የገዛ ሰው በዚህ ድረ ገጽ አይገኝም፤ እሱን ካውንቲው መዝገብ ውስጥ መፈለግ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት ቁጥር ሳትጽፉ እንዳታልፉ። ዋናው ፋይል የሚወጣው በእሱ ነው። የኔብራስካዎቹ ፋይሎች ስካን ተደርገው አንሴስትሪና ፎልድስሪ በሚባሉ የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ይገኛሉ፤ የሌሎች ብዙ ግዛቶችን ግን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማዘዝ ያስፈልጋል። መሬት ጠያቂው ዜጋ መሆን ወይም ዜግነት ለመውሰድ ማመልከት ስለነበረበት፣ ከውጭ የመጣ ሰው ፋይል የዜግነት ወረቀትም ይይዛል።

የእኛው ፋይል ውስጥ የሁለት ምስክሮች ቃል አለ። አንደኛው ያው ክርስትና ያነሳው ጎረቤት ነው። ቤቱ ከነሣሩ ተቆርጦ በተደረደረ አፈር የተሠራ፣ 14 በ18 ጫማ፣ አንድ በርና ሁለት መስኮት ያለው ነው። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ በረት፣ 45 ኤከር የታረሰ መሬት። ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች «ጆን» እያለ ጽፎ፣ ሰውየው ከግርጌ የፈረመው «ዩሃን» ብሎ ነው። አማቴ ፊርማውን በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩ።

ለአባቴ ስነግረው ደስ አለውና «ከእሱ በፊትስ የማን ነበር?» አለኝ። የፓውኒ ሕዝብ ነበር። ከፕላት ወንዝ በስተደቡብ ያለውን መሬት በ1833 ውል ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቁ፤ በ1870ዎቹም ከኔብራስካ ወጥተው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ሄዱ። ልጄ ከዩሃን ስም በላይ ባዶ የቀረውን መስመር አይታ «እዚህ ልጻፋቸው?» አለችኝ። ዘመዶቻችን እንዳልሆኑ ነገርኳት። ከወረቀቱ ጠርዝ፣ መሬቱ ከተሳለበት ጎን ጻፈቻቸው።