ስትወርድስ?

የዳገት ውድድር በቴሌቪዥን ሲታይ ዳገቱ ይጠፋል። ካሜራው መኪናው ላይ ስለሚታሰር አብሮት ያዘነብላል። ተመልካቹ ሜዳ ላይ የሚበር መኪና ያየ ይመስለዋል። እኛ ጋራዥ በእረፍት ሰዓት ክርክር ከተነሳ ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ኳስ ያለ ቀን ግን መኪና ትዝ የሚለው የለም።

የዚያን ቀን ስክሪኑ ላይ የነበረው ፓይክስ ፒክ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ውድድር። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ 156 መታጠፊያ፤ የሚያልቀው 4,302 ሜትር ከፍታ ላይ። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በ1988 አሪ ቫታነን በፔጆ 405 የወጣባትን ቀን የሚያህል የለም ይላል። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ሰውዬው በአንድ እጁ ፀሐዩን እየከለለ በሌላው መሪ ያዞር ነበር። ሌላው ወገን ሮማን ዱማ በ2018 በኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ መግባቱን ያነሳል። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ የነዳጅ ሞተር ጉልበት ያጥረዋል፤ ባትሪ ግን አየር አይፈልግም። እኔ ከቫታነን ወገን ነኝ። ሰዓት ሁሉንም ነገር አይናገርም።

ጨዋታው ሲደምቅ አንድ ደንበኛችን መኪናውን እየነዳ ገባ። አማተር ተወዳዳሪ ነው። በአዘቦት ቀን ሥራ የሚሄድበትን መኪና ቅዳሜና እሁድ ቁጥር ለጥፎበት ዳገት ይወጣበታል።

"ቱርቦውን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ፣ ጉልበት ይጨምር። የጭስ ማውጫው ማርሚታም ይቀየር" አለ። "ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው የቀረኝ።"

መኪና የምቀበለው እኔ ነኝና የሥራ ማዘዣውን መሙላት ጀመርኩ። ዋናው መካኒካችን ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ "ስትወርድስ?" አሉት።

"ስወርድማ ሰዓት አይያዝም እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱን አላጣሁትም። ፍሬኑ እንዴት ነው?"

ልጁ ፈገግ አለ። ትንሽ ሲጨቀጨቅ አወጣው። እነሱ ውድድር ላይ መኪኖቹ አንድ በአንድ ከወጡ በኋላ ጫፍ ላይ ይጠባበቃሉ። መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሲጨርሱ ተከታትለው ይወርዳሉ። ባለፈው ሲወርድ መሃል ላይ ፔዳሉ ልፍስፍስ አለበት። ደጋግሞ ረገጠው፣ ወለል ነካ። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየተንፏቀቀ ወረደ። ታች ደርሶ ጥቂት ሲቆይ ፔዳሉ ተመልሶ ጠነከረ። ሲጠነክርለት ነገሩን ረሳው!

ጋሼ ኮፈኑን አስከፈቱ። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል። የፊት ጎማው ሲወልቅ የፍሬን ሸራው ግሎ ግሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

"መቼ ነው የቀየርከው?"

"ዘይት? ባለፈው ወር።"

"የሞተሩን አይደለም፤ የፍሬኑን።"

መኪናውን ሲገዛው የነበረው ነው።

የፍሬን ዘይት ውሎ ሲያድር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል። እግርህ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ጎማው ጋ የሚደርስ ኃይል አይኖርም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል። ልጁን ያታለለው ይኸው ነው።

ሽቅብ ሲወጣ ዳገቱ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ቁልቁል ግን ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ይብሳል። ቴሌቪዥን ይህንን አያሳይም። መኪናው መጨረሻውን ሲያልፍ ወደ ቀጣዩ ይቆርጣል። ፓይክስ ፒክ ራሱ ላይ ጎብኚዎች ሲወርዱ መንገድ ላይ አስቁመው የፍሬናቸውን ሙቀት ይለካሉ፤ የጋለበትን ዳር ይዞ እንዲያርፍ ያደርጉታል። ይህንን ስነግረው ልጁ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ነበር።

ቱርቦው ከማዘዣው ላይ ተሰረዘ። በቦታው የፍሬን ዘይት፣ የፊት ሸራና ያረጁት የፍሬን ቱቦዎች ገቡ።

"ሁለት ሰከንዴስ?" አለ ልጁ፣ ቅር እያለው።

"ፍሬንህን ስለማታምነው ከመታጠፊያው ገና ሩቅ ሆነህ ነው የምትረግጠው" አሉት ጋሼ። "ካመንከው ዘግይተህ ትረግጣለህ። እስቲ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የምታተርፈውን ደምረው።"

ልጁ ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ። "ማርሚታውስ?"

"እሱ ለጆሮው ነው፤ ጻፍለት" አሉኝ ጋሼ። ጻፍኩለት።