ውሃው የት ይሄዳል?

አራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ እያለሁ የስቱዲዮ ሥራችን ከመሬት በታች የሚሠራ የመታሰቢያና የጽሞና ቦታ ነበር። እኔ ሳይቴን ስድስት ኪሎ አካባቢ መረጥኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ። ሐውልቱን በታክሲ ሳልፍ ሁሌ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ቁጭ ብዬ ስለሞቱት አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐሳቤ ሦስት ክፍል ነበር፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። ሰው እየወረደ ሲሄድ ይጨልማል፣ የመኪናው ጩኸት ይጠፋል፣ የመጨረሻው ክፍል 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ከጣሪያው በአንዲት ቀዳዳ ብቻ ብርሃን ይገባለታል። በዚያች ቀዳዳ ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ሌሊት የካርቶን ሞዴሌን በስልክ መብራት ከላይ እያበራሁ፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

ሥራችንን ለመምህራን በምናቀርብበት በጁሪው ቀን አንድ አንጋፋ መምህር እስክጨርስ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው የት ይሄዳል?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሃይላንድ አንስተው «ትፈቅጅልኛለሽ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ደረጃው አፍ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። ውሃው በደረጃው ወርዶ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ተኛ። ካርቶኑ አበጠ፣ ሙጫው ለቀቀ፣ ግድግዳው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ዘመመ።

ደረጃውንም ቆጠሩት፣ 36 ነው። «አያቷ ያን ቀን የሞቱባት የሰማንያ ዓመት እናት በምን ትወርዳለች?» በደረጃው ፈንታ ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መንገድ፣ ላድርግ ብል በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ጥልቀት 12 ሜትር ርዝመት) 72 ሜትር ይፈልጋል፣ ያውም ማረፊያው ሳይቆጠር። ሳይቴ ያን ያህል ቦታ የለውም።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። መምህሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ላሊበላ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ቦዩን አይተሻል?»

አላየሁም። እንደ ሰው ሁሉ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ከላይ ሆኜ ፎቶ አንስቼ ነበር የተመለስኩት። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩና በዚህኛው ጊዜ ዓይኔን ከመሬቱ አልነቀልኩም። ግቢው፣ መተላለፊያው፣ ሁሉም በስሱ ተዳፍቷል፤ ዝናቡ መውጫ አለው። እነዚያ ሰዎች ከላይ ወደ ታች ሲፈለፍሉ ገና ከጅምሩ ስለ ውሃው አስበው ነበር። ቦዮቹ ለብዙ ዘመን በአፈር ተደፍነው ቆይተው የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ተደፍነው በኖሩበት ጊዜ ውሃው ሕንፃዎቹን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። ቆሜ ሳየው ደነገጥኩ። ያን የመሰለ አለት እንኳ ያለ ቦይ አልቻለም፣ የእኔ ሥራ ላይ ደግሞ አንድም ቦይ አልነበረም።

ስመለስ ሴክሽኑን፣ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ከዜሮ ጀመርኩ። ስድስት ኪሎ እኮ ከእንጦጦ የሚወርድ ተዳፋት ላይ ነው፤ ክረምት ላይ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ መግቢያውን ከላይ ወደ ታች አዞርኩት። ሰው ከዝቅተኛው በኩል በደልዳላው ይገባል፣ እሱ አይወርድም፣ ከፍ እያለ የሚሄደው በላዩ ያለው መሬት ነው። ደረጃ ቀረ። ወለሉ ለዓይን በማይታይ ልክ ወደ በሩ ያዘነብላል፣ መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍት ቦይ አለች። ቀዳዳዋን አልደፈንኳትም። ሲዘንብ ዝናቡ በእሷ ይገባል፣ በቦይዋ እየተንዠቀዠቀ በተቀማጮቹ እግር ሥር አልፎ ይወጣል። ለጽሞናው ከፍጹም ጸጥታ ይልቅ ያ ድምፅ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

አንድ ነገር ግን ጠፋ። ከቀን ወደ ቀን እየጠለቁ መውረድ፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ ዋና ነገር፣ በደልዳላ ወለል አይመጣም። ጥልቀቱን በጣሪያው ከፍታ ልተካው ሞክሬ ነበር፣ አንድ አይደለም። አሁን ሥራ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያንን ሴክሽን አውጥቼ እንደገና እስለዋለሁ።