ጳጉሜን 6ን ያጠፋች አንዲት መስመር

ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ስሠራ፣ ከኮዱ ጎን የሚጻፈው ማብራሪያ ምን መያዝ እንዳለበት የነገረኝ አልነበረም። የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ «እያንዳንዱ ፈንክሽን (አንድን ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ማብራሪያ ይኑረው» ይላል፤ አለቃዬም በርክክብ ጊዜ የሚያየው መኖሩን ብቻ ነው። ሞላሁለት። ምዝገባው፣ ብድሩ፣ ደረሰኙ ያለ ችግር አለቀ።

የጳጉሜንን ቀናት በሚቆጥረው ፈንክሽን ላይ ግን የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6 ይመልሳል፤ አለዚያ 5።» ኮዱም የሚለው ይህንኑ ነው። ለምን 3 እንደሆነ አልጻፍኩም። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ እንደሆነ ከልጅነቴ ስለማውቅ፣ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለኝም።

በጥር 2015 ሥራውን የተረከበው ባልደረባዬ 3ን ሲያይ ስህተት መሰለው። የለመደው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነውና፣ በዚያ ቀን የሚጨመረው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ስለሆነ 0 አደረገው፤ ማብራሪያውንም አብሮ «አስተካከለ»። ፈንክሽኑ የሚፈለገው ጳጉሜን ላይ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ።

እሁድ ጳጉሜን 5 እኩለ ሌሊት ላይ ፕሮግራሙ ቀኑን ወደ መስከረም 1 ቀን 2016 አሻገረው። ሰኞ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ጳጉሜን ስድስት አይደለም እንዴ? ደረሰኙ እንቁጣጣሽ ነው ይለኛል።» እስክደርስ 43 ደረሰኝ ወጥቷል፤ የዓመቱ የቁጠባ ወለድም አንድ ቀን ጎድሎ በአባላት ሒሳብ ላይ ገብቷል። ኮዱን ማረም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ መሰረዝና ወለዱን እንደገና ማስላት ግን በዓላችንን በላው። እኒያ ሴት የእንቁጣጣሽን ዕለት ከልጆቻቸው ተለይተው ከእኔ ጋር ቢሮ መዋላቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አለቃዬ ባልደረባዬን ሲቆጣው ዝም ማለቴም እንዲሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «3 ስህተት አይደለም። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ 2015ን እና 2019ን እዩ።» ሁለቱን ዓመታት የሚፈትሽ ሙከራም (ኮዱ ሲሳሳት የሚያስጠነቅቅ ሌላ ኮድ) ጨምሬበታለሁ፤ ማብራሪያ ሲለወጥ ዝም ይላል፣ ሙከራ ግን ይጮኻል።

ሌላ ሰው በቅን ልቦና ሊያርመው የሚችል መስመር ስትጽፉ ምክንያቱን እዚያው፣ ከመስመሩ አናት ላይ አኑሩት። ለየብቻ የሚዘጋጀው ወፍራም ሰነድ አያድናችሁም፤ የእኛን ከርክክብ ወዲህ የከፈተው የለም። «ይህ ፈንክሽን ስም ይመልሳል» የሚሉትን ባዶ ማብራሪያዎች በሙሉ አጥፍቻቸዋለሁ። አለቃዬ መመሪያው ተጣሰ ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። ማብራሪያዎቹን ግን ወደ ቦታቸው አልመለስኳቸውም።